ጉልበት «የሚያበቅል» መርፌ አለ ወይ?

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የሩዝ አረሙ በተጋመሰበት ሰሞን፣ አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው አንበሳሜ ወደምሠራበት የምርመራ ክፍል ገቡ። ዕድሜያቸው 58 ነው። የመጡት ከጉማራ ወንዝ ዳር ካሉት ሩዝ አብቃይ ቀበሌዎች ከአንዱ ነው። ቀኝ ጉልበታቸውን መታመም ከጀመራቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠዋት ከመደብ ሲነሱ ይይዛቸዋል፤ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ይለቃቸዋል፤ ማታ ደግሞ አብጦ ይጠብቃቸዋል። ወጌሻ አሽቷቸዋል፤ ጠበል ተጠምቀዋል፤ ከመድኃኒት ቤት በየጊዜው እየገዙ የዋጡት ክኒን ብዛቱን አያስታውሱትም።

ልጃቸው አዲስ አበባ ሹፌር ነው። እናቱን ይዞ የመጣው ግን እንዳክማቸው ብቻ አልነበረም። ስልኩን አውጥቶ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየኝ። በዊልቸር የገቡ አዛውንት ጉልበታቸው ላይ መርፌ ተወግተው፣ ከሙዚቃ ጋር ደረጃ ሲወጡ ይታያሉ። «ዶክተር፣ ይኼ ስቴም ሴል የሚሉት ነገር የተበላ ጉልበት መልሶ ያበቅላል ይላሉ። ሁለቱን በሬዎች ሸጠን፣ የጎደለውን ውጭ ያለችው እህቴ ትሞላልናለች። እናድርገው ወይስ አናድርገው?» አለኝ።

እናት ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው፣ «በሬ ይተካል ይለኛል ልጄ፤ ጉልበትስ ይተካል ወይ?» አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጥያቄ በዚህ ዓመት ብቻ ከብዙ ሰዎች ሰምቼዋለሁ። የሚጠይቁኝ ገበሬዎች ብቻ አይደሉም፤ መምህራን፣ ሹፌሮች፣ ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው ገንዘብ ሊልኩላቸው የተዘጋጁ ጡረተኞችም ይጠይቁኛል። ስለዚህ ዛሬ በሕክምናው ዓለም «የተጎዳን አካል መልሶ የማደስ ሕክምና» ስለሚባለው፣ በተለይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚሰጡት መርፌዎች የሚታወቀውን ላካፍላችሁ።

ጉልበት ለምን ራሱን አያድንም?

ጉልበታችን የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት፣ ከፊት ለፊቱ ሎሚ የምንለው ክብ አጥንት የተቀመጠበት ነው። አጥንቶቹ ጫፋቸው ላይ ልም አጥንት በተባለ ነጭና ለስላሳ ሽፋን ስለተለበጡ አይፋተጉም። ይህ ሽፋን የደም ሥር የለውም። እጃችን ቢቆረጥ ቁስሉ የሚሽረው ደም የጥገናውን ዕቃ ተሸክሞ ስለሚደርስ ነው፤ አጥንትም ሲሰበር የሚገጥመው በዚሁ ምክንያት ነው። ልም አጥንት ግን ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ስለሆነ አንዴ ከተሸረሸረ መልሶ የመጠገን አቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው። «መልሶ የሚያበቅል» መርፌ የብዙዎችን ልብ የሚማርከው ለዚህ ነው፤ ሰውነት ያልቻለውን እችላለሁ ይላል።

በፎገራ ሜዳና በዙሪያው ጉልበት የሚጫነው ሥራ ብዙ ነው። ሩዝ ወደዚህ አካባቢ ከገባ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለብዙ ቤተሰብ ሀብት ሆኗል። ሀብቱ የሚገኘው ግን ውኃ በያዘ ማሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶና ቁጢጥ ብሎ በማረም ነው። ከማሳ ሲመለሱ እንስራው፣ እንጨቱ፣ ቁጢጥ ተብሎ የሚሠራው የምጣድ ሥራ ይጠብቃል። ጉልበት ሙሉ በሙሉ ታጥፎ ክብደት ሲያርፍበት በውስጡ ያለው ግፊት እጅግ ይጨምራል። በአገራችን ሰው «ብርድ መታኝ» የሚለው ሕመም አብዛኛው በዕድሜ፣ በሥራ ጫና፣ በቀድሞ ጉዳት ወይም በክብደት የሚመጣ የመገጣጠሚያ መሸርሸር ነው። ብርዱ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል እንጂ አያመጣውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስቀድም። ስለ የትኛውም መርፌ ከማሰባችሁ በፊት ሕመሙ ምን እንደሆነ ይታወቅ። ጉልበት ያመመው ሁሉ ጉልበቱ የተሸረሸረ አይደለም። ጥሬ ወተት በሚጠጣበትና ከከብት ጋር በሚኖርበት አካባቢ ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ መገጣጠሚያና ወገብ ያሳምማል፤ ማታ ማታ ላብና ትኩሳት፣ ድካምም ያመጣል። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ በሳንባ ብቻ አይወሰንም፤ አከርካሪንና ጉልበትን ያጠቃል። የሁለቱም እጆች ጣቶች በአንድነት አብጠው ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የማይፍታቱ ከሆነ የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት የመገጣጠሚያ በሽታ ሊሆን ይችላል። የእግር አውራ ጣት ሌሊት በድንገት ቀልቶ አላስነካ ካለ ደግሞ ሪህ ይጠረጠራል። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው። ብሩሴሎሲስ ያለበትን ሰው ጉልበት ውድ መርፌ መውጋት ገንዘቡንም ጊዜውንም መቅበር ነው። በማስታወቂያው ላይ ስለ ምርመራ አንድ ቃል አለመኖሩ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል።

ከራስ ደም የሚዘጋጀው መርፌ

በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሰጠው «ፒ.አር.ፒ» በመባል የሚታወቀው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከታካሚው ክንድ ደም ይቀዳል፤ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ ይገባል፤ ደሙ በክብደቱ ይለያያል። ቀዩ ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ካለው ቢጫ ፈሳሽ ውስጥ ፕላትሌት የበዛበት ክፍል ተወስዶ ወደ ተጎዳው መገጣጠሚያ ወይም ጅማት ይወጋል። ፕላትሌቶች ስንቆረጥ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ናቸው፤ ቁስል እንዲሽር የሚያነቃቁ ንጥረ ነገሮችንም ይይዛሉ። ሐሳቡ ያስኬዳል። ከራስ ደም ስለሆነም የሰውነት መቆጣት የማስከተል ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ያስኬዳል ማለት ግን ይሠራል ማለት አይደለም። በአውስትራሊያ የተካሄደና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ውጤቱ የታተመ ጥናት አለ። ጉልበታቸው የተሸረሸረ፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ 288 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ፒ.አር.ፒ ተወጉ፤ ገሚሶቹ በተመሳሳይ መንገድ የጨው ውኃ ብቻ ተወጉ። ማን ምን እንደተወጋ ታካሚዎቹ አያውቁም ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመማቸው ከዐሥር ነጥብ ሲለካ ፒ.አር.ፒ የወሰዱት በ2.1፣ የጨው ውኃ የተወጉት ደግሞ በ1.8 ቀንሶላቸዋል። ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። የልም አጥንታቸው መጠንም ሲለካ በሁለቱም ወገን በተመሳሳይ ሁኔታ መቀነሱን ቀጥሏል።

ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። የጨው ውኃ የተወጉትም ተሽሏቸዋል። ስለዚህ ጎረቤታችሁ «ተወጋሁና ዳንኩ» ሲላችሁ አልዋሸም። የመገጣጠሚያ ሕመም በባሕርዩ ይነሣል፣ ይበርዳል፤ ሰው ወደ ሕክምና የሚሄደው ደግሞ በባሰበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ይሆናል። በመርፌው ያለው ተስፋም የራሱ ኃይል አለው። አንድ ሰው መዳኑን ብቻ አይተን መድኃኒቱ ሠራ ማለት የማንችለው ለዚህ ነው።

ፒ.አር.ፒ ከንቱ ነው አላልኩም። ጉልበት ላይ የተሻለ ውጤት ያሳዩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ፤ እንደ ክርን ውጫዊ ጅማት ባሉ ለረጅም ጊዜ በማይሽሩ ሕመሞች ላይም የሚጠቀሙበት ስፔሻሊስቶች አሉ። ችግሩ አንዱ ክሊኒክ የሚያዘጋጀው ከሌላው ጋር አለመመሳሰሉ ነው፤ የፕላትሌቱ መጠን፣ የመርፌው ብዛት፣ የአዘገጃጀቱ ንጽሕና ይለያያል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ ለጉልበትና ለዳሌ መሸርሸር ፒ.አር.ፒም ሆነ የስቴም ሴል መርፌ እንዳይሰጥ አጥብቆ መክሯል።

ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ የሚባለው ወደ ተለያዩ የሕዋስ ዓይነቶች ሊያድግ የሚችል «መነሻ» ሕዋስ ነው። ከመቅኒ፣ ከሆድ ስብ ወይም ከተወለደ ሕፃን እትብት ይወሰዳል። በደም ካንሰር ሕክምና የመቅኒ ንቅለ ተከላ ለብዙ ዓመታት የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል፤ ይህ እውነት ነው፤ ማስታወቂያዎቹ የሚንጠላጠሉትም በዚሁ ዝና ላይ ነው። ደም የሚሠራ ሕዋስ ደም መሥራቱ ግን፣ ጉልበት ውስጥ የተወጋ ሕዋስ ልም አጥንት ይሆናል ለማለት አያበቃም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የታተመ ትልቅ ጥናት 475 የጉልበት ሕሙማንን ተከታትሏል። ከመቅኒ፣ ከስብና ከእትብት የተዘጋጁት ሦስቱም መርፌዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ከተለመደው ርካሽ የስቴሮይድ መርፌ የተሻለ ውጤት አላሳዩም። ልጁ ያሳየኝ ምስል ውስጥ ይህ የለም።

አደጋውም ቀላል አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በአሜሪካ ሦስት ግዛቶች ከእትብት ደም ተዘጋጅቷል የተባለ ምርት ጉልበታቸው፣ ትከሻቸውና ጀርባቸው ላይ የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሁሉም ሆስፒታል ተኝተዋል። ምርቱ ራሱ፣ ጠርሙሱ ገና ሳይከፈት፣ ተበክሎ ተገኝቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ለመገጣጠሚያ ሕመም ያጸደቀው የስቴም ሴል መርፌ እንደሌለ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ቁጥጥሩ ጠንካራ በሆነበት አገር ይህ ከደረሰ፣ ፈቃዱ በማይታወቅ ቤት ውስጥ ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ፍትሐዊ ለመሆን የተሳካውንም ልናገር። በስዊድን የሚገኙ ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የ23 ታካሚዎችን ውጤት አሳተሙ። ከታካሚው ጉልበት ጥቂት የልም አጥንት ሕዋስ ወስደው፣ በላቦራቶሪ አባዝተው፣ በቀዶ ሕክምና መልሰው ተክለውላቸዋል። ይህ ዘዴ ተሻሽሎ ዛሬ በበርካታ አገሮች በሕግ ጸድቆ ይሠራበታል። ደቡብ ኮሪያም በ2012 ከእትብት ደም የተዘጋጀ የጉልበት ሕክምና አጽድቃለች። ሁለቱም ግን ክሊኒክ ገብቶ ተወግቶ የሚወጣባቸው አይደሉም፤ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያም ወራት የሚወስድ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ይጠይቃሉ። የስዊድኑ ዘዴ ደግሞ በዋናነት በጨዋታ ወይም በአደጋ ልም አጥንቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለተቦረቦረ ወጣት ነው፤ በ60 ዓመቱ ጉልበቱ በሙሉ ላለቀ ሰው አይደለም።

የስፖርተኞች ስም በማስታወቂያ ላይ የሚውለውም ይህን ልዩነት በመሸፋፈን ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ የተረከዙን ጅማት እያመመው ሮጦ አሸነፈ፤ ከውድድሩ በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በኒው ዮርክ ማራቶን 2010 ደግሞ ጉልበቱ አስቸግሮት ውድድሩን አቋርጦ ጡረታ ወጣሁ ብሎን ነበር፤ ሁላችንም ደንግጠን ሳንጨርስ ሐሳቡን ቀይሮ በቀጣዩ ዓመት ወደ ውድድር ተመልሷል። የሯጭ ጅማት መቁሰል በትክክለኛ ዕረፍት፣ ሕክምናና ልምምድ ሊመለስ የሚችል ነው። ከሩዝ ማሳ የመጡት እናት ጉልበት ሌላ ታሪክ ነው። ለአንዱ የሠራውን ለሌላው መሸጥ አይገባም።

እኛ ሐኪሞችም ከነቀፋ አናመልጥም። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ በሌላ ቦታ፣ «መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም» የሚለውን ታካሚ ማሳመን ሲያደክመኝ ስቴሮይድ መርፌ ጉልበት ላይ ቶሎ ቶሎ ሰጥቻለሁ። አንድ አዛውንት በየሦስት ወሩ እየተመላለሱ ይወጉ ነበር፤ ሲወጉ ይመርቁኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። በኋላ ነው ጥናቱን ያነበብኩት። 140 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ ስቴሮይድ ሲወጉ፣ የጨው ውኃ ከተወጉት ጋር ሲነጻጸር ሕመማቸው የተለየ አልነበረም፤ ልም አጥንታቸው ግን የበለጠ ሳስቷል። ስቴሮይድ አንዴ፣ እብጠቱ በበረታበት ጊዜ፣ በጥንቃቄ ቢሰጥ ለጥቂት ሳምንታት ያሳርፋል። ልማድ ሲሆን ግን ይጎዳል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከየመድኃኒት ቤቱ የሚገዛው ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ነው። ፊት ያሳብጣል፤ ስኳርና የደም ግፊት ያመጣል፤ አጥንት ያሳሳል፤ በድንገት ሲቆምም ሰውን ሊጥል ይችላል። ዳይክሎፌናክን ለወራት መዋጥና መወጋትም ጨጓራን ያደማል፤ ኩላሊትን ይጎዳል። ትራማዶል ደግሞ ሱስ ያስይዛል።

ስለ ወጌሻም ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ወጌሻዎች ማኅበረሰባቸውን በቅንነት ያገለግላሉ፤ ሕዝቡም የሚያምናቸው በምክንያት ነው። ነገር ግን ያበጠን መገጣጠሚያ በኃይል ማሸት፣ የተሰበረን እግር በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን አቋርጦ እግርን እስከማስቆረጥ ያደርሳል። በአገራችን ሆስፒታሎች ይህ የሚያሳዝን እውነታ ነው። የታሰረ እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ እሥሩን ወዲያው ፈትታችሁ ሆስፒታል ድረሱ።

ታዲያ ምን ይሠራል? የምነግራችሁ ነገር ማስታወቂያ ላይ የማይወጣው ስለማይሸጥ ነው። ጉልበትን ከሁሉ በላይ የሚደግፈው የጭን የፊት ጡንቻ ነው። የታመመ ሰው ጉልበቱን ያሳርፋል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጫናው ወደ ልም አጥንቱ ይዛወራል፤ ሕመሙ ይጨምራል፤ ይበልጥ ያሳርፋል። ይህን ክብ የሚሰብረው ልምምድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 156 የጉልበት ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ለገሚሶቹ የስቴሮይድ መርፌ፣ ለገሚሶቹ የፊዚዮቴራፒ ልምምድ ሰጥቷል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመማቸውም እንቅስቃሴያቸውም የተሻለው ልምምድ የሠሩት ናቸው።

ለመጀመር ማሽን አያስፈልግም። መደብ ወይም ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አንዱን እግር ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ የጭኑ ጡንቻ ሲጠነክር እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ዐሥር ጊዜ፣ ከዚያ ሌላውን እግር። ቀጥሎ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፋችሁ ከወንበሩ ተነሡ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፤ መጀመሪያ አምስት ጊዜ፣ ሲለምድ ዐሥር። ይህን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ሳታቋርጡ ሥሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ማመሙ የሚጠበቅ ነው፤ ሕመሙ በማግስቱ ካልበረደ ቁጥሩን ቀንሱ እንጂ አትተዉ።

ምርኩዝ የምትይዙ ደግሞ ያዡን እጅ አስተውሉ። አብዛኛው ሰው ምርኩዙን የሚይዘው በታመመው ጉልበት በኩል ነው። ተሳስቷል። ቀኝ ጉልበት ከታመመ ምርኩዙ በግራ እጅ ነው፤ የታመመው እግር ሲራመድ አብሮ ይራመዳል። ሞክሩትና ልዩነቱን ያኔውኑ ታውቁታላችሁ። ለቡናም ሆነ ለምጣድ ከአጭሯ በርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ መቀመጫ ተጠቀሙ፤ ከተቻለ ምጣዱን ቆማችሁ በምትሠሩበት ከፍታ አሠሩት። ማሳ ላይም ቁጢጥ ብሎ መቆየትን በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሡ አቋርጡት። ክብደት ለጨመረ ሰው ደግሞ የሚቀንሰው እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል። ይህ ምክር ከገጠሩ ይልቅ ለከተማው አንባቢ የሚመጥን መሆኑን አውቃለሁ።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል (ለአዋቂ በቀን ከ8 ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ሳይበልጥ) እና የሚቀባ ዳይክሎፌናክ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል፤ የሚቀባው ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ በመሆኑ ለጨጓራም ለኩላሊትም የተሻለ ነው። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሌሊት እንቅልፍ የሚከለክል፣ መራመድ የሚያግድ ሕመም ከቀጠለ ወደ አጥንት ስፔሻሊስት መላክ ይገባል። የጉልበት መገጣጠሚያን በሰው ሠራሽ የመተካት ቀዶ ሕክምና በአገራችንም ይሠራል፤ ወጪው ከባድ ነው፤ ለትክክለኛው ታካሚ ግን ውጤቱ ለዓመታት የተፈተነ ነው። በሬ መሸጥ ግድ ከሆነ ለተፈተነው ይሸጥ።

ፎገራ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ዛሬ በአካባቢያችን ብዙ ሰው የመድን ደብተር አለው። በደብተሩ ውል በተገባባቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት መታየትና ወደ ላይ መላክ ይቻላል፤ ብዙዎች ግን ደብተሩን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ለክኒን ከኪሳቸው ያወጣሉ።

ይህን ሁሉ አንብባችሁም መርፌውን መሞከር የምትሹ ትኖራላችሁ፤ መብታችሁ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጠይቁ። የሚወጋችሁ ሰው ሙያው ምንድን ነው? የሚወጋው ነገር ከየት መጣ፤ ከእናንተ ነው ወይስ ከሌላ ሰው? ምርቱ ከሆነ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል? በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ማንኛውም መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት መመዝገብ አለበት። ጉልበቱ ቢያመረቅዝ ማን ያክመኛል? በጽሑፍ የተሰጠ ማስረጃ አለ? መልሱ «ሁሉንም በሽታ ያድናል»፣ «ምንም ጉዳት የለውም»፣ «ዛሬ ከከፈሉ ቅናሽ አለ» ከሆነ ተነሥታችሁ ውጡ። የትኛውንም መርፌ ከተወጋችሁ በኋላ ጉልበታችሁ ቢግል፣ ቢቀላ፣ አላስነካ ቢል ወይም ትኩሳት ቢመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ መግል የያዘ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ ይበላሻል።

ወደ እኒያ እናት ልመለስ። የደም ምርመራቸው ብሩሴሎሲስም ሌላም አላሳየም፤ ራጁ መካከለኛ መሸርሸር ያሳያል። ለልጃቸው በግልጽ ነገርኩት፤ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ከተማ ድረስ የሰማውን ተስፋ የነጠቅኩት መስሎት ነበር። «እና ምንም የለም ማለት ነው?» አለኝ። «አለ፤ ግን ሥራው የእናትህ ነው» አልኩት። ልምምዱን አብረን ሠራን፤ እናት ሣቅ አሉ፤ «ይኼማ የሕፃን ጨዋታ ነው» አሉ።

በጥር ተመልሰው መጡ፤ ብቻቸውን። ጉልበታቸው አልዳነም፤ ደረጃና ዳገት አሁንም ያስቸግራቸዋል፤ ቁጢጥ ማለትን ትተዋል። ሌሊት ግን ይተኛሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ። የሚውጡት ክኒን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ሆኗል። በሬዎቹን ጠየቅኳቸው። «እያረሱ ነው» አሉኝና ምርኩዛቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ወጡ።